መዶሻው ከመነሳቱ በፊት፦ በጎንደር ህንፃዎች አስቤስቶስን መፈተሽና ውጤቱን ማሳወቅ

ጎንደር ላይ የእድሳት ወቅት ይታወቃል። መስቀል አልፎ መሬቱ ከጠፈፈ ጀምሮ እስከ ጥምቀት ዋዜማ ድረስ ፔንሲዮኑም፣ ሆቴሉም፣ ክፍል የሚያከራየው ባለቤትም እንግዳ ሳይገባ ጣሪያ ይቀይራል፣ ኮርኒስ ያወርዳል፣ ግድግዳ ያድሳል። አናጢው አሮጌውን ሉህ በመዶሻ እየሰበረ ወደ ግቢ ይወረውራል። የቀን ሠራተኛዋ በደረቅ መጥረጊያ ትጠርገዋለች። የተረፈው ስብርባሪ የዶሮ ቤት መክደኛ ወይም የአጥር መድፈኛ ሆኖ ዓመታት ይቆያል። ያ ሉህ አስቤስቶስ ያለበት ከሆነ፣ በእነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት የገባው ብናኝ የሚያስከትለው ሕመም የሚታየው ከ10 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ዛሬ የ20 ዓመት ወጣት የሆነው ሠራተኛ የልጅ ልጅ ሊያይ በተቃረበበት ዕድሜ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ያን ጣሪያ የሚያስታውስለት ሰው አይኖርም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለጤናና ደኅንነት ባለሙያዎች፣ ለጥገና ክፍል ኃላፊዎች፣ ለአነስተኛ ኮንትራክተሮችና ቤታቸውን ለማደስ ለተዘጋጁ ባለቤቶች ነው። ብዙ የፍተሻ ሪፖርት አንብቤያለሁ። አብዛኛው ጉድለት ያለው ፍተሻው ላይ አይደለም። ወረቀቱ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ አናጢው ደግሞ ሳይሰማ መሰላል ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ አንድ ጥያቄ በአእምሯችሁ ይኑር፦ ይህን ያገኘሁትን ነገር መዶሻ ለሚይዘው ሰው እንዴት አደርሰዋለሁ?

የምንፈልገው ነገር ምንድን ነው?

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ፣ ወደ ቀጫጭን ቃጫ የሚሰነጠቅ ማዕድን ነው። ስድስት ዓይነት አለው፦ ነጩ ክሪሶታይል፣ ቡናማው አሞሳይት፣ ሰማያዊው ክሮሲዶላይት፣ ከዚያ ትሬሞላይት፣ አክቲኖላይትና አንቶፊላይት። ስድስቱም ካንሰር እንደሚያስከትሉ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አረጋግጧል፤ የሳንባ፣ የጉሮሮ፣ የሴት እንቁልጢ (የእንቁላል ማፍሪያ) እና ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር። አስቤስቶሲስ የሚባለው የሳንባ መጠንከርም አለ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

በቀለም ለመለየት አትሞክሩ። ከሲሚንቶ ጋር ሲደባለቅ ሁሉም ግራጫ ነው። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ቃጫ ስፋቱ ከ3 ማይክሮሜትር ያነሰ ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ አይሸትም፣ አያስነጥስም፣ አያሳክክም። «አቧራው አላስቸገረኝም» የሚል ሠራተኛ እውነቱን ነው፤ ግን ይህ ምንም ማስረጃ አይሆንም።

እዚህ ከተማ ለምን እንጠረጥራለን? ጣሊያን ጎንደርን ከያዘበት ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በኅዳር 1934 እስከ ተሸነፈበት ጊዜ ድረስ ፒያሳንና አካባቢውን በአዲስ መልክ ሠርቷል። በዚያን ዘመን ጣሊያን ውስጥ ካሳሌ ሞንፌራቶ በምትባል ከተማ ኤተርኒት የሚባለው የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ሲያመርት ነበር። የኩባንያው ስም ቀስ በቀስ የዕቃው ስም ሆነ። ጣሊያን ራሷ አስቤስቶስን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከ1907 እስከ 1992 ባለው ጊዜ ብዙ ዕቃ ተሠርቶ ብዙ አገር ተሸጧል። ይህ ማለት የዚያ ዘመን ህንፃ ሁሉ አስቤስቶስ አለበት ማለት አይደለም። መዶሻ ከመነሳቱ በፊት መጠየቅ አለበት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በተሠሩ ትምህርት ቤቶች፣ መጋዘኖች፣ ጋራዦችና የሠራተኛ መኖሪያዎችም ላይ ጥያቄው ያው ነው፤ ሉሁ ከውጭ የመጣበት ዘመን ረጅም ነውና።

የፋሲል ግንብ እና የዘመኑ አብያተ መንግሥት ራሳቸው በድንጋይና በኖራ የተገነቡ ናቸው፤ እዚያ የምትፈትሹት በኋላ የተጨመረውን ነው፦ የጥበቃ ቤት፣ መጋዘን፣ የተቀየረ ጣሪያ። የዓለም ቅርስ ክልል ውስጥ ሆነ በፒያሳ ባለ የቅርስ ህንፃ ላይ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ በመሮ አንድ ፍንካች እንኳ አትውሰዱ።

ደረጃ አንድ፦ ሳትነኩ ተረዱ

ጠዋት መጀመሪያ የምትሠሩት ሥራ መሰላል ማቆም ሳይሆን መቀመጥ ነው። ባለቤቱን፣ የድሮ ጠባቂውን፣ በተቻለ መጠን ጣሪያውን የሠራውን አናጢ አነጋግሩ። አንዲት እናት ቤታቸውን ለማስጠገን ያሰቡ ከሆነ «እማማ፣ ይህ ጣሪያ ስንት ዓመቱ ነው? ከዚህ በፊት ተሰብሮ ያውቃል? ስብርባሪው የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትልቁን ነገር ያወጣል፤ መልሱ ማድ ቤት ምድጃው ሥር፣ ወይም ጓሮ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ህንፃው የተሠራበትን ዘመን፣ የታደሰበትን ዘመን፣ ፕላን ካለም ፕላኑን ውሰዱ። ከዚያ ዓላማውን ለዩ፤ ሁለት ዓይነት ፍተሻ አለ። አንዱ ሰው በህንፃው እየተጠቀመ እያለ የሚደረግ ነው፤ የሚታየውንና የሚደረስበትን ትፈትሻላችሁ፣ ዓላማው ሰው በዕለት ሥራው እንዳይነካው ማድረግ ነው። ሌላው ከማፍረስ ወይም ከትልቅ እድሳት በፊት ያለው ነው፤ ይህ ኮርኒስ ከፍቶ፣ ወለል ነቅሎ፣ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚያይ ስለሆነ ሰው በሌለበት ይሠራል። ባለቤቱ «ዝም ብለህ አይተህ ንገረኝ» ካለና በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ጣሪያውን ሊያፈርስ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ዓይነት ፍተሻ አይበቃውም። ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም አሳውቁት።

ደረጃ ሁለት፦ ልብስና ዕቃ

ለማየት ብቻ ከሆነ፣ ምንም ካልተሰበረና ካልተነካ፣ ልዩ ልብስ አያስፈልግም። ናሙና ልትወስዱ ወይም የተሰበረ ነገር ባለበት ክፍል ልትገቡ ከሆነ ግን እነዚህን ይዛችሁ ሂዱ፦

- ግማሽ ፊት የሚሸፍን የጎማ ማስክ ከፒ100 ወይም ፒ3 ማጣሪያ ጋር፤ ለአጭር ጊዜ ሥራ ቢያንስ ኤፍኤፍፒ3 (FFP3) ማስክ፤ እነዚህ እጅግ ደቃቅ ብናኝ የሚያስቆሙ የማጣሪያ ደረጃዎች ናቸው
- አንዴ ተለብሶ የሚጣል ቱታ ከኮፍያው ጋር፣ ጓንት፣ ሊታጠብ የሚችል ቦቲ
- ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ፤ ውሃው ውስጥ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት
- ፒንሳ፣ መሮ፣ ትንሽ ቢላዋ፣ ባትሪ፣ ሜትር
- ዚፕ ያላቸው ወፍራም ላስቲክ ከረጢቶች፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ማርከር፣ ፕላስተር፣ ስቱኮ

የቀዶ ጥገና ማስክ፣ ነጠላ፣ የተጠቀለለ ሻሽ፣ እነዚህ ሁሉ ቃጫውን አያስቆሙም። ማስክ ፊት ላይ ካልተጣበቀ ደግሞ ምንም ያህል ውድ ቢሆን በጎን ያስገባል። ስለዚህ ጺም ያለው ሰው ናሙና ለመውሰድ አይግባ። ጺም በብዙ ቤት ክብርና መለያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰውየውን ላጩት አልልም፣ ሌላ ሰው ይግባ እላለሁ።

የውሃውና የሳሙናው ነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከጠቅላላው የመከላከያ ዕቃ ውስጥ በብር ርካሹና ጥቅሙ ትልቁ እሱ ነው። ሳሙናው ውሃው ሉሁ ላይ ተንከባሎ እንዳይወርድ ያደርገዋል፤ ቃጫው ውስጥ ይሰርጻል። የረጠበ ቃጫ አይበርም።

ደረጃ ሦስት፦ ከላይ ወደ ታች መሄድ

*ጣሪያ።* እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሰው የሚሞትበት ቦታ ነውና። የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ሉህ እያረጀ ሲሄድ ይሰባበራል። ጥንካሬውን አምኖ የረገጠ ሰው ሉሁን ሰብሮ ወደ ውስጥ ይወድቃል። አይረገጥም፤ ከሞራሌው በላይ ባለው መስመርም ቢሆን አይረገጥም። መሰላሉን ከጎን አቁማችሁ ተመልከቱ፣ ከሚቀጥለው ፎቅ ሰገነት ወይም ከመስኮት ላይ ሆናችሁ በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱ።

የምትፈልጉት፦ ሞገዱ ከቆርቆሮ ሞገድ ወፈር ያለ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ፣ ግራጫ፣ አንዳንዴ ላይ ላዩን ሻጋታና ለምለም ያበቀለ ሉህ ነው። ሲያንኳኩት ቆርቆሮ የሚያሰማውን ድምፅ አያሰማም። ጫፉ ላይ በተሰበረበት ቦታ ቀጫጭን ጸጉር የሚመስል ነገር ከታየ ጥርጣሬው ይጨምራል። በአውሮፓ የተሠሩ አንዳንድ ሉሆች ጀርባቸው ላይ ማህተም አላቸው፤ «ኤንቲ» (NT) የሚለው ፊደል አስቤስቶስ የሌለበት፣ «ኤቲ» (AT) የሚለው ያለበት ማለት ነው። ማህተም ካላገኛችሁ ያለበት እንደሆነ ገምታችሁ ቀጥሉ። የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ሉህ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቃጫ ይይዛል፤ ሌላው ሲሚንቶ ነው። ቃጫው በሲሚንቶ የተያዘ ስለሆነ ሳይሰበር፣ ሳይቆረጥ፣ ሳይፋቅ ከቆየ የሚለቀው ጥቂት ነው።

*አሸንዳ።* ከክረምት በኋላ አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመው ጭቃ ከጣሪያው የታጠበ ቃጫ ይዟል። ኅዳር ላይ ደርቆ ዱቄት ሲሆን በመጥረጊያ የሚያወጣው ሰው ይተነፍሰዋል። ፍተሻውን ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ጭቃው እርጥብ እያለ ብታደርጉት ይህም ይቀላል። ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ የሚጠጡ ቤተሰቦች ይጨነቃሉ፤ ንገሯቸው፦ የሚታወቀው ዋነኛ አደጋ በመተንፈስ የሚመጣው ነው፤ በመጠጥ ውሃ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት የተረጋገጠ ጉዳት እንዳልተገኘ ይናገራል። ሥጋታቸውን አታባብሱ፣ ግን አሸንዳውን ደርቆ እንዳይጠርጉ አጥብቃችሁ ንገሩ።

*ኮርኒስ እና ግድግዳ መለያያ።* ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሆኖ የተገጠመ ከሆነ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ጠንካራው ጠፍጣፋ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ነው። ለስላሳው፣ በቀላሉ የሚሰበረው የሙቀት መከላከያ ሰሌዳ ደግሞ ብዙ ቃጫ የያዘና ከሲሚንቶው እጅግ የባሰ ነው። ሁለቱን በቦታው በእርግጠኝነት አትለዩም፤ ናሙና ይለያቸዋል።

*ቦይለር፣ የእንፋሎት ቱቦ፣ የዳቦ ቤት የጭስ ማውጫ።* በሆስፒታል፣ በሆቴል፣ በልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቱቦ ላይ የተጠቀለለ፣ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ሲነካ እንደ ኖራ የሚበን ሽፋን ካያችሁ ቁሙ፤ በሩን ዝጉና ሰው እንዳይገባ አድርጉ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው።

*የቀረው።* የድሮ ሰድር መሰል የፕላስቲክ ወለልና የተለጠፈበት ጥቁር ማስቲሽ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥን ጀርባ ያለ ሰሌዳ፣ የውሃ ታንከር፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቱቦ። የውሃ አገልግሎት ሠራተኛ ቱቦውን በደረቅ በግራይንደር ሲቆርጠው የሚወጣው ብናኝ አደጋ ነው፤ ቱቦው ተቀብሮ ሲተው ሥጋቱ ይቀንሳል። ከእሳት ቃጠሎ በኋላ ደግሞ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ሉህ በሙቀት ፈንድቶ ይበተናል፤ የተቃጠለ ቤት አመድ ላይ ሰው ከመሥራቱ በፊት የጣሪያው ዓይነት ይጠየቅ።

ያልገባችሁበት ክፍል፣ የተቆለፈ በር፣ መግቢያ ያጣችሁበት ኮርኒስ ካለ ስሙን ጻፉ። አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ሪፖርቱ ላይ «አልተፈተሸም፤ አለበት ተብሎ ይቆጠር» ብላችሁ አስፍሩት።

ደረጃ አራት፦ ናሙና መውሰድ

ናሙና መውሰድ ራሱ ቃጫ ያስነሳል። ስለዚህ አስፈላጊ ካልሆነ አትውሰዱ፤ ጣሪያው አሁን የማይነካ ከሆነ አለበት ብሎ ገምቶ መተው በቂ ነው። ግን ሊፈርስ ከሆነ፣ ወይም ባለቤቱ ብዙ ወጪ ሊያወጣ ከሆነ ይወሰድ። እንዲህ ትሠራላችሁ፦

1. ክፍሉን ከሰው ባዶ አድርጉ፣ መስኮትና አየር ማራገቢያ ዝጉ። ከሥር ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ።
2. ልብስና ማስክ ልበሱ። ማስኩ መያዙን እፍ ብላችሁ፣ ከዚያ ስባችሁ ሞክሩት።
3. ቦታውን በሳሙናው ውሃ ቀስ አድርጋችሁ እርጩ። ጠብቁ፣ ይስረጽ፣ ደግማችሁ እርጩ።
4. በማይታይ ወይም ቀድሞ በተሰበረ ቦታ ላይ ከ3 እስከ 5 ካሬ ሴንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ በፒንሳ ወይም በመሮ አንሱ። ከሁሉም ንብርብር ይሁን፤ ላይ ላዩ ቀለም ብቻ ከሆነ ላቦራቶሪው ምንም አይነግራችሁም። በመዶሻ አትምቱ፣ በድሪል አትብሱ።
5. ቁራጩን ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ዝጉ፣ የውጭውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሁለተኛ ከረጢት ውስጥ አስገቡ።
6. ቁጥሩን ወዲያው ጻፉ። «በኋላ» ማለት መደባለቅ ነው። ቁጥሩን ግድግዳው ላይም ለጥፉት፣ ፎቶ አንሱት።
7. የተቆረጠበትን ቦታ በስቱኮ ወይም በቀለም ዝጉት።
8. መሣሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወደሚቀጥለው ቦታ ሂዱ፤ አለበለዚያ የአንዱ ጣሪያ ቃጫ በሌላው ናሙና ላይ ይገኛል።
9. ስትጨርሱ መጀመሪያ ቱታውን ወደ ውስጥ እየገለበጣችሁ አውልቁ፣ ማስኩን መጨረሻ ላይ። ቱታ፣ ጓንት፣ ጨርቅ፣ ላስቲክ፣ ሁሉም በከረጢት ይታሸግ። ልብሳችሁን ቤት ወስዳችሁ አታራግፉ፤ ልጆች ባሉበት ቤት የሥራ ልብስ የሚያጥቡ ሚስቶች ታመዋል፤ በሌሎች አገሮች የተመዘገበ እውነት ነው።

ስንት ናሙና? አንድ ዓይነት ለሆነ የጣሪያ ሉህ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል፤ ሉሁ ከፋብሪካ ስለመጣ አንድ ወጥ ነው። የተረጨ ወይም የተለሰነ ነገር ላይ ግን ድብልቁ እንደ ሠሪው እጅ ይለያያል፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሕግ ቦታው ከ93 ካሬ ሜትር ካነሰ 3፣ እስከ 465 ካሬ ሜትር ከሆነ 5፣ ከዚያ በላይ 7 ናሙና ይጠይቃል። ቁጥሩ ጥሩ መለኪያ ስለሆነ እኔም እከተለዋለሁ።

ደረጃ አምስት፦ ላቦራቶሪው

ከመላካችሁ በፊት ደውሉና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ናሙናውን የምትመረምሩት በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ነው ወይ? በአይኤስኦ 17025 (የላቦራቶሪ ብቃት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ለዚህ ምርመራ ዕውቅና አላችሁ ወይ? ሁለተኛው መልስ «የለንም» ከሆነ ውጤቱ መጠርጠሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ይህንኑ ዓይነት ማይክሮስኮፕ ለድንጋይ ጥናት ይጠቀማሉ፤ የምታውቁት ጂኦሎጂስት ቃጫ መኖሩን ሊጠቁማችሁ ይችላል፤ ይህም ለመጠንቀቅ ይጠቅማል፣ ለማፍረስ ፈቃድ ግን አያገለግልም።

ወረቀቱ ሲመጣ «አልተገኘም» የሚለውን ቃል ጠንቅቃችሁ አንብቡ። በዚያ ቁራጭ ላይ፣ በዚያ ዘዴ አልተገኘም ማለት ነው። በተለይ በወለል ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ቃጫ እጅግ ቀጭን ስለሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ ሊያመልጥ ይችላል፤ ጥርጣሬ ካላችሁ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ።

ደረጃ ስድስት፦ ነጥብ መስጠት

«አለ» ብቻ ማለት ባለቤቱን ያስደነግጣል፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አይነግረውም። በእንግሊዝ የፍተሻ መመሪያ ላይ ያለውን የነጥብ አሠራር እጠቀማለሁ፤ አራት ነገር ይመዘናል።

የዕቃው ዓይነት ከ1 እስከ 3፦ የሲሚንቶ ሉህ፣ የወለል ፕላስቲክ 1፤ መከላከያ ሰሌዳ፣ ገመድ፣ ጓርኒሲዮን 2፤ የቱቦ ሽፋንና የተረጨ 3። ጉዳቱ ከ0 እስከ 3፦ ምንም የሌለበት 0፣ ጥቂት ጭረት 1፣ ብዙ የተሰባበረ 2፣ የተፈረካከሰና የተላጠ 3። ሽፋኑ ከ0 እስከ 3፦ ቃጫው በፕላስቲክ ውስጥ የታሰረ 0፣ የሲሚንቶ ሉህ ወይም ቀለም የተቀባ ሰሌዳ 1፣ ያልተቀባ ሰሌዳ 2፣ ያልታሸገ የቱቦ ሽፋን 3። የአስቤስቶሱ ዓይነት፦ ክሪሶታይል 1፣ አሞሳይትና የቀሩት 2፣ ክሮሲዶላይት 3። ዓይነቱ ካልታወቀ 3 ይሰጣል።

ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ፣ ከ7 እስከ 9 መካከለኛ፣ 5 እና 6 ዝቅተኛ፣ 4 እና ከዚያ በታች በጣም ዝቅተኛ ነው።

ለምሳሌ አዘዞ አካባቢ ያለ መጋዘን ጣሪያ፣ ብዙ ሉህ የተሰባበረ፣ ላቦራቶሪ ያልገባ እንበል፦ 1፣ 2፣ 1፣ 3፤ ድምር 7፣ መካከለኛ። ላቦራቶሪው ክሪሶታይል ብቻ ነው ካለ 5 ይሆናል፣ ዝቅተኛ። የቆየ ቦይለር ላይ የተላጠ፣ አሞሳይት ያለበት ሽፋን ግን 3፣ 3፣ 3፣ 2፤ ድምር 11። ይህ ነጥብ ቁሱ ምን ያህል ቃጫ እንደሚለቅ ይናገራል። ሰው ምን ያህል እንደሚደርስበት አይናገርም። ስለዚህ ለብቻው ጻፉት፦ ልጆች ይጫወቱበታል? ለማን ቅርብ ነው? ጥገና ሠራተኛ በወር ስንት ጊዜ ይነካዋል? ከ7 በታች ያለ ጣሪያ የአጸደ ሕፃናት ግቢ ላይ ከሆነ፣ እኔ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው።

ደረጃ ሰባት፦ ሪፖርቱ

ሪፖርት በአማርኛ ይጻፍ። ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች የሚያነቡት እሱን ነው። የመጀመሪያው ገጽ አንድ ገጽ ብቻ ይሁን፤ የህንፃው አድራሻና ቀበሌ፣ ቀን፣ የፍተሻው ዓይነት፣ የት ተገኘ፣ ምን አይነካ፣ ምን ይደረግ። የሚከተለው ለምሳሌ የጻፍኩት ነው፦

«ቦታ፦ የምሥራቅ ክንፍ፣ የዕቃ ቤት ጣሪያ። ቁስ፦ ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ሉህ፣ 64 ካሬ ሜትር ገደማ። ናሙና ቁጥር፦ ጣ 03። ውጤት፦ ክሪሶታይል ተገኝቷል። ጉዳት፦ በሰሜን ጫፍ 4 ሉህ ተሰንጥቋል። ነጥብ፦ 5። መደረግ ያለበት፦ አይረገጥ፣ አይቆረጥ፣ አይፋቅ፤ የተሰነጠቁት በማሸጊያ ቀለም ይሸፈኑ፤ በ6 ወር ዳግም ይታይ። ያልተፈተሸ፦ የምዕራብ ክንፍ ኮርኒስ፣ ተቆልፎ ነበር፤ አለበት ተብሎ ይቆጠር።»

ሁለተኛው ክፍል የቦታዎች ዝርዝር፣ ፕላን ወይም በእጅ የተሳለ ንድፍ ከቁጥሮቹ ጋር፣ ፎቶዎች፣ የላቦራቶሪው ወረቀት ሳይቀየር። ሦስተኛው የእናንተ ስምና ፊርማ፣ የተጠቀማችሁበት ዘዴ፣ ያልደረሳችሁበት ቦታ። ከዚህ በላይ አታብዙ። 60 ገጽ ሪፖርት ያልተነበበ ሪፖርት ነው።

መምከር ያለባችሁ ማስወገድን ብቻ አይደለም። ደህና ሁኔታ ላይ ያለ ሉህ መተው፣ ምልክት ማድረግና በየጊዜው ማየት ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ነቅሎ ማውጣት ራሱ ብናኝ ያስነሳል። ሊወገድ የሚገባው ከሆነ ረጥቦ፣ ብሎኑ እየተፈታ፣ ሉሁ ሙሉ ሆኖ በገመድ ይውረድ፤ ውፍረቱ 0.15 ሚሊሜትር በሆነ ላስቲክ ሁለት ጊዜ ይጠቅለል፤ ላዩ ላይ በትልቁ ይጻፍ። በአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 መሠረት ይህ ተራ ፍርስራሽ አይደለም። ከግንባታ ፍርስራሽ ጋር ለመንገድ ሙሊት አይሰጥ፤ ቀሐም ሆነ አንገረብ ወንዝ ዳር አይጣል። የት እንደሚቀበር የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም ከሪፖርቱ ጋር አያይዙ። ሉሁን እስከዚያው ረጥቦና ተጠቅልሎ በተቆለፈ ቦታ አቆዩት።

ደረጃ ስምንት፦ ማን ይስማ?

እኔ ብዙ ልብ የምሰጠው እዚህ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ተቋም የተሠራ ጥሩ ፍተሻ አይቻለሁ፤ ናሙናው በትክክል ተወስዷል፣ ነጥቡ ተሰጥቷል፣ ሪፖርቱ ለኃላፊው ቀርቦ ተፈርሞበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ጣሪያ በግራይንደር ሲቆረጥ ደረስኩ። ወጣቱ ሠራተኛ ፊቱ ነጭ ዱቄት ለብሶ ነበር። ስለ ሪፖርቱ ጠየቅኩት፤ «ጋሼ፣ ማንም አልነገረኝም» አለኝ። ዋሽቶ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ይህን አደርጋለሁ። ሪፖርቱን ለባለቤቱ ከማስረከቤ በተጨማሪ፣ ፎርማኑን፣ አናጢውን፣ ኤሌክትሪሺያኑን፣ የጽዳት ሠራተኞችንና ጥበቃውን አንድ ላይ እሰበስባለሁ። ቡና ቢኖር እሰየው። የተሰበረውን ቦታ በፎቶ አሳያለሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ማንበብ የማይችል ሰው አብሮ እንዲሰማ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቃል እንዲደግመው እጠይቃለሁ፤ «የት አይነካም? ቢሰበር ምን ታደርጋለህ?» ያልደገመው ሰው ገና አልሰማም። ስማቸውንና ፊርማቸውን ከሪፖርቱ ጋር አያይዛለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤናና ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፤ ፊርማው ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ነው።

ቦታው ላይም ምልክት ይቀመጥ። ጣሪያው ላይ የሚወጣ ሰው መሰላሉን በሚያቆምበት ግድግዳ ላይ፣ በትልቅ ፊደል፦ «አስቤስቶስ አለ፤ አትስበሩ፣ አትቁረጡ፣ ጠይቁ»። ቢሮ ውስጥ የተሰቀለ ምልክት ለቢሮው ሰው ነው።

ጎረቤትም ይሰማ፤ በተለይ ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙ የቀበሌ ቤቶች ውስጥ። አንዱ ቤት ሲያፈርስ ብናኙ በሌላው ማድ ቤት ይገባል። ልጅ ላላት እናት ስትነግሩ ከካንሰር አትጀምሩ። «በዚያ ቀን ልጆቹን ወዲያ ይዘሽ ሂጂ፣ መስኮትሽን ዝጊ፣ ልብስ ገመድ ላይ አትስጪ» በሏት፤ ከጠየቀች ምክንያቱን ሙሉ ንገሯት።

ቀድሞ ተሰብሮ ከሆነ

ሥራውን አስቁሙ። ሰው አውጡ፣ ማራገቢያ አጥፉ። በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ ተራ ቫኪውም ክሊነር ደግሞ ቃጫውን በጀርባው መልሶ ይተፋዋል። ስብርባሪውን አርጥባችሁ በእጅ ሰብስቡ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን አታጥቡት፣ አብራችሁ አሽጉት። አቧራ የለበሰው ሠራተኛ ልብሱን እዚያው አርጥቦ ያውልቅ፣ ይታጠብ። ስሙን፣ ቀኑን፣ የሠራበትን ሰዓትና ቦታ በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን ለአሠሪው፣ አንዱን ለራሱ ስጡት። ወረቀቱን ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር ያስቀምጠው፤ ከ30 ዓመት በኋላ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ «ምን ዓይነት ሥራ ሠርተሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ያወጣዋል።